አዲስ ኃላፊነት ተሰጥቷችሁ ልባችሁ ሲርድ፦ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት እንዴት ትይዟቸዋላችሁ?

ሐምሌና መስከረም ላይ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይሞላል። «ሹመት ተሰጠኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ተላወሰ። ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ ልበል?» ጠያቂው አንዴ አዲስ ርዕሰ መምህር ነው። አንዴ የእድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ የተመረጠ ጎረቤት ነው። አንዴ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ኃላፊ የሆነች ወጣት ናት። ሁሉም መጨረሻ ላይ ይህችን ይጨምራሉ፦ «በእግዚአብሔር ታመን ይሉኛል፤ እሺ፣ ግን በተግባር እንዴት ነው የሚደረገው?»

እኔም አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት መርቻለሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን እራት አልበላሁም። ከዚህ በታች ያለው ያኔ ያደረግኩት ነው፤ የተሳሳትኩበት ታርሞ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ይህ መመሪያ ቀና ሥራ ለተሰጠው ሰው ነው። የተሰጣችሁ ወንበር በሐሰት ፈርሙ፣ ያልገባውን ገባ በሉ የሚል ከሆነ እዚያ የሚያስፈልገው ድፍረት «አልችልም» የሚለው ነው። ደረጃዎቹን መከተል አያስፈልጋችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ በቴክስትና በጥሪ መሀል ይጠፋል። በ30ኛው ቀን ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣችሁ ታዩታላችሁ።
- መጽሐፍ ቅዱስ። ዘጸአት 3፣ 4 እና 18፣ ኢያሱ 1፣ ነህምያ 1 እና 2 ላይ ወረቀት አድርጉበት። «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው» የሚለውን መዝሙርም ምልክት አድርጉ። በዳዊት 26ኛው ነው፤ አንዳንዱ እትም 27 ይለዋል። ግራ እንዳይገባችሁ።
- የሹመት ደብዳቤው ቅጂ፣ ወይም የተመረጣችሁበት ቃለ ጉባኤ።
- ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ።
- ሁለት ሰው። አንዱ የንስሐ አባታችሁ፣ ሌላው በዚያው ሥራ ያለፈ ሰው። ሁለቱን በአንድ ሰው ለመተካት አትሞክሩ። የንስሐ አባታችሁ ስለ በጀት መዝጊያ ላያውቁ ይችላሉ። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ደግሞ የልባችሁን ጓዳ የምትከፍቱለት ሰው ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 1፦ ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ መልሱን አሳድሩት

እዚያው ቆማችሁ «እሺ»ም «እንቢ»ም አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ስጡኝና መልሴን ይዤ እመጣለሁ።» ይህን ብሎ የተቆጣው አለቃ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለምን? በመጀመሪያው ሰዓት ልብ አያስተማምንም። ደስታውም ፍርሃቱም ከልኩ በላይ ነው። ነህምያን እዩት። የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ንጉሡን የለመነው በኒሳን። በመሀል አራት ወር አለ። አልቅሷል፣ ጾሟል፣ ጸልዮአል። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለው ጊዜ ደግሞ በጥያቄውና በመልሱ መሀል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል፤ ምዕራፍ 2 ቁጥር 4። ያቺ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም። ለእናንተም ሁለቱም ዓይነት ያስፈልጋችኋል፤ ረጅሙ በቤት፣ አጭሩ በሰው ፊት።

በሦስቱ ቀናት ውስጥ ደረጃ 2ን እና 3ን ጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ፍርሃቱን በስሙ ጻፉት

ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ የሚያስፈራችሁን ሁሉ አንድ በአንድ ደርድሩ። «ኃላፊነቱ ከበደኝ» ብላችሁ አትለፉት። የእኔ ገጽ ላይ ከነበሩት ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦

«በጀት ዘግቼ አላውቅም።»
«አንጋፋዎቹ መምህራን አስተምረውኛል፤ እንዴት አዛቸዋለሁ?»
«የተቆጣ ወላጅ ቢሮ ቢገባ ምን እላለሁ?»
«ክረምት ላይ የሁለተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈስሳል።»
«ልጅ ቢጎዳብኝስ?»

አሁን ከእያንዳንዱ ጎን ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ አላውቀውም፣ የለኝም፣ ከእኔ በላይ ነው። የመጀመሪያው የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ያልቃል። ሁለተኛው ሰው ወይም ዕቃ በመጠየቅ ይሟላል። ሦስተኛው ለጸሎት ነው። በጀቱ «አላውቀውም» ነው። ጣሪያው «የለኝም» ነው፤ ቆርቆሮና ሚስማር። «ልጅ ቢጎዳብኝስ» ግን የቱንም ያህል ብጠነቀቅ ከእኔ በላይ ነው። የእኔ ገጽ ላይ ከግማሽ በላዩ «አላውቀውም» ሆኖ ተገኘ። ያን ማታ ተኛሁ።

ለምን ይጠቅማል? ስም የሌለው ፍርሃት ሲጸልዩበትም እንደ ጭጋግ ነው። ሙሴ ቁጥቋጦው ፊት ቆሞ አምስት ምክንያት አቅርቧል። «እኔ ማን ነኝ?» አለ። «ስሙ ማን ነው ቢሉኝስ?» አለ። «አያምኑኝም» አለ። «አፌ ኮልታፋ ነው» አለ። እግዚአብሔር ለአራቱም በየተራ መልስ ሰጠው። ቁጣ የመጣው በአምስተኛው ነው፤ «ሌላ ሰው ላክ» ሲል። ያኔም ቢሆን ወንድሙን አሮንን ረዳት አድርጎ ሰጠው። ስለዚህ ፍርሃታችሁን በዝርዝር መናገር አለማመን አይደለም። ተጠንቀቁ የምላችሁ ዝርዝሩ ሁሉ መልስ ካገኘ በኋላም መሸሽን ነው።

ደረጃ 3፦ በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩ

ቀጣዩ ገጽ ላይ ያላችሁን ጻፉ። «ይህ በእጅህ ያለው ምንድን ነው?» ተባለ ሙሴ። «በትር ነው» አለ። የእረኛ በትር። ሥራውም በዚያው በትር ተጀመረ።

ትልቅ ችሎታ አትፈልጉ። የሰፈሩን ሰው በስም አውቃለሁ። እቁብ ሰብስቤ አንድ ብር አላጎደልኩም። ቃለ ጉባኤ መጻፍ እችላለሁ። ልጆች ይወዱኛል። አምስት ከሞላ በቂ ነው።

ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ሁለቱን ገጾች ለሁለቱ ሰዎች አሳዩና መልሳችሁን ስጡ።

ደረጃ 4፦ የጠዋት ጸሎታችሁን በልክ አድርጉት

በስመ አብ ብላችሁ ጀምሩ። ምልክት ያደረጋችሁበትን መዝሙር አንብቡ። ከዚያ «ከእኔ በላይ ነው» ካላችሁት ውስጥ አንድ ብቻ አንሥታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ቀጥሎ በዚያ ቀን የምታገኟቸውን ሰዎች በስማቸው ጥሩ፤ የምትፈሩትን ሰውም ጭምር። በመጨረሻ የዕለቱን አንድ ዋና ሥራ ጥቀሱና በአባታችን ሆይ ዝጉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሌላ ጸሎት የለመዳችሁ እሱን አትተዉ፤ ይህን ጨምሩበት።

የምትፈሩትን ሰው በስሙ መጥራት የምለው ምክንያት አለኝ። ጠዋት የጸለያችሁለትን ሰው ከሰዓት በኋላ እንደ ጠላት ማየት ይከብዳል። አንድ ኮስታራ አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ ገና ከሩቅ ሳያቸው ድምፄ ይቀጥን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቀድሜ ሰላም የምላቸው እኔ ሆንኩ። እሳቸው አልተለወጡም፤ የእኔ ጉልበት ነው መንቀጥቀጥ የተወው።

ማስጠንቀቂያ፦ በፍርሃት ሰዓት ስለት አትሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ሞቅታ «በየቀኑ ሙሉ ዳዊት እደግማለሁ» ያለ ሰው በአራተኛው ቀን ሲያቋርጥ በፍርሃቱ ላይ ጸጸት ይጨመርበታል።

ደረጃ 5፦ ርክክቡን በእጃችሁ ቆጥራችሁ ተረከቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በሲባጎ የታሰሩ ቁልፎች ተሰጡኝ። አንዱም ስም የለውም። የንብረት ዝርዝሩ አራት ገጽ ነበር። አስረካቢው በዕድሜ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቸኩለዋል። «ሁሉም አለ ልጄ፣ ፈርሚ» አሉኝ። መቁጠር ማለት አላምንዎትም ማለት መሰለኝና ፈረምኩ። መንፈሳዊነትም መስሎኝ ነበር፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ። ከሦስት ወር በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ዝርዝሩ ላይ ያሉ መጻሕፍትና ወንበሮች ጎደሉ። ፊርማው የእኔ ነው። ያን ዓመት በደብዳቤ መልስ ስጽፍ ከረምኩ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ለርክክብ ቢያንስ ሁለት ቀን ጠይቁ።

ለ. እያንዳንዱን ቁልፍ በሩ ላይ ሞክሩ። የከፈተውን በፕላስተር ስም ለጥፉበት። ምንም ያልከፈተውን ለብቻ አስቀምጡና ጻፉት።

ሐ. የመንግሥት ተቋም ከሆነ ገቢ የሆነበትን ሞዴል 19 እና ወጪ የሆነበትን ሞዴል 22 ከመደርደሪያው ጋር አመሳክሩ። ወረቀቱን ከወረቀት ጋር ብቻ ማየት ቆጠራ አይባልም።

መ. ጥሬ ገንዘብ ካለ ሦስተኛ ሰው ባለበት ቁጠሩ። ከካርኒው ጉርድና ከባንክ ደብተሩ ጋር አስተያዩት።

ሠ. የተጀመረና ያላለቀ ጉዳይ ሁሉ ይጻፍ፤ መልስ ያልተሰጠው ደብዳቤ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተገባ ቃል።

ረ. የጎደለ ካለ ልዩነቱን ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ሰነዱ ላይ አስፍሩት።

እድር ከሆነ የአባላት መዝገብ፣ ውዝፍ ያለበት ሰው ዝርዝር፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት። ድንኳኑን ዘርግታችሁ እዩት። የተቀደደ መሆኑን ለቅሶ ቤት ደርሳችሁ አትወቁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከሆነ የልጆቹ ስም፣ የወላጆቻቸው ስልክ፣ ከበሮው፣ የመዝሙር ልብሱ።

አስረካቢው ቅር እንዳይላቸው ከፈራችሁ ይህን በሉ፦ «ጋሼ፣ ለእርስዎም ለእኔም መጠበቂያ ነውና አብረን እንቁጠረው።» እውነትም ነው፤ እሳቸውንም ያድናል።

ይህ ከእምነት ጋር ምን አገናኘው የሚለኝ አለ። ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር በር በበሩ ዞሮ አየ። የአምላኬ እጅ በእኔ ላይ መልካም ናት ያለው ሰው ነው ዞሮ ያየው። ያየውን ካወቀ በኋላ ነው «ኑ እንሥራ» ያለው። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ። እኛ ግን ሳናይ «ኑ እንሥራ» እንላለን፤ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ያላየነው ነገር ያባንነናል። የተቆጠረ ነገር እንቅልፍ አይነሳም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ስብሰባ ከ30 ደቂቃ አይለፍ

ዕቅድ ይዛችሁ አትግቡ። ቃልም አትግቡ። ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ምን እንዳይነካባችሁ ትፈልጋላችሁ? በጣም የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው? እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ነገ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ፊታቸው ጻፉ።

ኢያሱ 1ን በደንብ ስታነቡ አንድ ነገር ታያላችሁ። ኢያሱ እንዲጸና አራት ጊዜ ይነገረዋል፤ ቁጥር 6፣ 7፣ 9 እና 18 ላይ። ሦስቱን የተናገረው እግዚአብሔር ነው። አራተኛውን «ጽና፣ አይዞህ» ያለው ግን ሕዝቡ ነው። «ምንም አልፈራም» ብላችሁ የምትገቡ ከሆነ ያን አራተኛውን «አይዞህ» የሚላችሁ አይኖርም። «ይህን ሥራ ገና እየተማርኩት ነው፤ እናንተ ትረዱኛላችሁ» በሉ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በላይ ከደጋገማችሁት ሰው ይጨነቃል።

ደረጃ 7፦ ሸክሙን አካፍሉ

በሁለተኛው ሳምንት ሥራዎቹን ሁሉ ጽፋችሁ ሦስት ቦታ ክፈሏቸው፤ እኔ ብቻ የምሠራው፣ ከሰው ጋር የምሠራው፣ ለሰው የምሰጠው። ፊርማ፣ ማኅተም፣ ገንዘብና የሰው ምሥጢር የመጀመሪያው ውስጥ ናቸው። የቀረው አብዛኛው ይሰጣል።

ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ «ብቻህን አትችለውም፤ ትደክማለህ» አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ ሹም ብሎ መከረው። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ አምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ እያልን ዛሬም የምንጠራበት አጠራር ከዚህ አይርቅም። እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ያነጋገረ ሰው ይህን ምክር ከአማቱ ተቀበለ። እናንተም ተቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ከባድ ሰዓት ሲመጣ በሩ ላይ ቁሙ

የተቆጣ ሰው ውስጥ ይጠብቃችኋል። እጃችሁ ቀዝቅዟል። መያዣውን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱን እግራችሁን መሬት ላይ አጽንታችሁ ቁሙ። ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተንፍሱና በልባችሁ «አቤቱ» በሉ። ቀስ ብላችሁ አውጡና «አትለየኝ» በሉ። ሦስት ጊዜ። ቀስ ያለ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ቃሉ ደግሞ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ያሳስባችኋል። ከዚያ አስቀድማችሁ ባዘጋጃችሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። የእኔ ይህ ነበር፦ «ይቀመጡ እስቲ፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።» ሰውየው እስኪተርክ ድምፃችሁ ይመለሳል።

ማታ በ10 ደቂቃው ሁለት መስመር ጻፉ፤ ዛሬ ምን አስፈራኝ፣ ምን ሆነ።

ብዙ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

*ምልክት ማብዛት።* ጌዴዎን በበግ ጠጉር ሁለት ጊዜ ምልክት ጠየቀ፤ ከዚያ ሄደ። «ዛሬ ዝናብ ካልዘነበ ፈቃዱ ነው» እያሉ በየቀኑ መፈተን ፍርሃትን ማባበል ነው። ወደ ጠንቋይ መሄድማ ከነጭራሹ አይነሣ።

*«እሱ ያውቃል» ብሎ አለመዘጋጀት።* የስብሰባው አጀንዳ ካልተጻፈ አልተጻፈም። ጸሎቱ እጃችሁን እንዲያጸና ነው እንጂ እጃችሁን እንዲተካ አይደለም።

*ለሁሉ ማማከር።* ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ሐሳብ ሲሰጥ ልብ ይከፈላል። ሁለት ሰው አልኳችሁ፤ ሁለት ይብቃ።

*ስህተትን መደበቅ።* ስትሳሳቱ፣ መሳሳታችሁ አይቀርም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው ሰው ተናገሩ። የተደበቀ ስህተት እያደር ይወልዳል።

*ከቀድሞው ኃላፊ ጋር መፎካከር።* እሳቸው የሠሩትን በመጀመሪያው ወር አታፍርሱ፤ ለምን እንደተሠራ ገና አታውቁም።

ማስጠንቀቂያዎች

ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ማኅተምም ሌላ ሰው ዘንድ አታሳድሩ፤ ምንም ያህል የሚታመን ሰው ቢሆን።

ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ከዘጋችሁ፣ ልባችሁ ያለ ምክንያት የሚደልቅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪም ቤት ሂዱ። እምነት ስለጎደላችሁ አይደለም። ጸበልም ጸሎትም ሳይቋረጥ ሐኪም ይታያል። «መኖር አልፈልግም» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ዕለት ለቅርብ ሰው ተናገሩና ሕክምና ሂዱ።

ሕገ ወጥ ነገር እንድታደርጉ የሚያስፈራራችሁ ካለ ብቻችሁን አትያዙት። የተባለውን ከነቀኑ ጻፉ፤ ለበላይ ወይም ለሕግ ሰው አሳውቁ።

ደረጃ 9፦ በ30ኛው ቀን

የመጀመሪያውን ገጽ ግለጡ። «አላውቀውም» ያላችሁትን አሁን ካወቃችሁት ሰርዙ። «የለኝም» ያላችሁት ከተሟላ ማን እንደሰጣችሁ ጻፉበት፤ ሄዳችሁም አመስግኑት። «ከእኔ በላይ ነው» ያላችሁትን አትሰርዙ። ከጎኑ በዚህ ወር የሆነውን ጻፉ። እኔ «ልጅ ቢጎዳብኝስ» ከሚለው ጎን የጻፍኩት «አንድ ልጅ ከዛፍ ወደቀ፤ እጁ ተሰበረ፤ እናቱ ይዛኝ አለቀሰች፤ ድኖ ተመለሰ» የሚል ነው። የፈራሁት ደረሰ። እግዚአብሔር ግን እዚያም ነበር፤ እኔም ቆሜ ነበር።

«ከ30 ቀን በኋላም ብፈራስ?»

አዲስ ገጽ ግለጡና ደረጃ 2ን እንደገና ሥሩ። የ«አላውቀውም» ዝርዝር ማጠሩን እዩ። ካላጠረ የሆነ ቦታ ያልቆጠራችሁት ነገር አለና ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ከቁልፎቹ ጀምሩ።